በበሩ ጀርባ ያለው ቁጥር

ኢብሮ በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ረገጠው። ወረደ። ሲለቀው ተመለሰ። ደግሞ ረገጠው፤ ትናንት ማታ እንደቆመ መኪና ደግሞ ወርዶ ተመለሰ።

እግሩን አንስቶ፣ እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም።

መኪናው ፊያት 124 ነው። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ አሮጌ ግቢ ጥግ፣ በቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ፣ በአራት ጥርብ ድንጋይ ላይ ተሰቅሎ አርባ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። የመኪናው ባለቤት የነገሩት እንዲህ ነው። ይህን ያህል ዘመን የቆመ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይጣበቃል። ኢብሮ አንድ ክረምት ብቻ ቆሞ የተጣበቀ አይቷል፤ ሸራው ከብረቱ ጋር ተጋግሮ፣ ማርሽ አልገባ ብሎ፣ በመጨረሻ ካምቢዮ ያስወረደ። የዚህኛው ግን ምንም አላለም።

ጎንበስ ብሎ በስልኩ መብራት ፔዳሉን አየው። የፔዳሉ ጎማ አልቋል። በላዩ ላይ የነበሩት መስመሮች ጠፍተው፣ በአንድ በኩል ብረቱ ብቅ ብሏል። እንዲህ ያለ ጎማ ታክሲ ላይ እንጂ ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር በሄደ መኪና ላይ አይቶ አያውቅም። ቀና ብሎ ቆጣሪውን አየ። 09446 ይላል።

“ምን አገኘህ?” የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

“ምንም፣ እማማ።”

“ምንም ከሆነ ለምን ዝም አልክ?”

ወይዘሮ አልጋነሽ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከረቡዕ ጀምሮ የጋራዡ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ኢብሮ ሲሠራ ቁጭ ብለው ያዩታል። እጃቸው ላይ ትንሽ የቀይ ጥፍር ቀለም ጠርሙስ አለች፤ ለጥፍራቸው ግን አይደለም። ኢብሮ አንድ ዕቃ ሊፈታ ሲል “ቆይ!” ብለው ይነሱና ዕቃው ላይ አንድ ነጥብ ያደርጋሉ። ካንዴላዎቹ ላይ ነጥብ አለ። ካርቡራቶሩ ላይ ሁለት ነጥብ አለ። ሞተሪኖው፣ የቤንዚን ፖምፓው፣ የራዲያተሩ ክዳን እንኳ ሳይቀር ተነጥቧል። መካኒክ ኦርጅናሉን ፈትቶ አሮጌ ይገጥማል፣ ይላሉ። ነጥብ ያለበትን ዕቃ ግን ማንም አይቀይረውም።

ኢብሮ በመጀመሪያው ቀን ተቀይሞ፣ “እማማ፣ እኔ ሌባ እመስላለሁ?” ብሏቸው ነበር።

“ሌባ ሌባ ቢመስል ማን ይሰረቅ ነበር?” አሉት።

ያን ቀን ቅያሜውን ዋጥ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ፣ በየቀዳዳቸው ዘይት አፍስሶ፣ ሞተሩ እንዲላቀቅ ሁለት ቀን ተወው። ዛሬ ዓርብ ጠዋት በመፍቻ በእጁ ሲያዞረው ዞረለት። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። አሁን ግን አንድ ሐሳብ መጣበት። ሰውን እንዲህ አጥብቆ የሚጠረጥር ሰው፣ ራሱ የሚደብቀው ነገር አለው።

“እማማ፣ ይህን መኪና ማን ነድቶታል?”

“ባለቤቴ።”

“ከእሳቸው በኋላ ማለቴ ነው።”

“ማንም።”

“አንድም ቀን? ወንድም፣ ዘመድ፣ የሰፈር ልጅ…”

“ማንም አልኩህ እኮ! ቁጥሩ በሩ ላይ ተጽፎልህ የለም እንዴ?”

ተጽፏል። ባለቤታቸው አቶ ቸሩ የማጓጓዣ ድርጅት ሠራተኛ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. ለሦስት ወር ሥራ ወደ አሰብ ሲላኩ፣ ማንም እንዳይነዳባቸው ብለው የቆጣሪውን ቁጥር በጋራዡ የእንጨት በር ጀርባ፣ በቀይ የዘይት ቀለም ጽፈውት ሄዱ። ጥቅምት 12 ቀን 1968፣ 09446። በሩ ላይ ያለውና ቆጣሪው ላይ ያለው አንድ ነው። ኢብሮ ረቡዕ ዕለት ይህን ሲያይ ደስታው ወሰን አጥቶ፣ ሁለቱንም ፎቶ አንስቶ ለገዢው በቴሌግራም ላከ። ከሥሩም “በዓይኔ አይቻለሁ፣ ንጹህ ነው” ብሎ ጻፈ። አሁን የቆጨው ይህ ነው።

ገዢው ፍሬአብ ይባላል። አሮጌ መኪናዎችን እያሳደሰ ለሰርግና ለማስታወቂያ ያከራያል፤ ሜክሲኮ አካባቢ አራት መኪና በሸራ ሸፍኖ ያስቀመጠበት ግቢ አለው። “ኪሎ ሜትሩ እውነት ከሆነ እገዛታለሁ፤ ሌሎቹንም ከዚህ በኋላ አንተ ትይዛቸዋለህ” ብሎታል። ለኢብሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቂርቆስ ጋራዥ በነበረው ጊዜ፣ ስለ አንድ ኮሮላ “ንጹህ ነው” ብሎ መስክሮ ነበር። ቆጣሪው ወደ ኋላ የተመለሰ መሆኑን አላወቀም። መኪናውን የገዛው መምህር ጋራዡ ድረስ መጥቶ፣ በደንበኞች ፊት፣ “አንተን አምኜ ነው የተበላሁት” አለው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ከዚያ ቀን በኋላ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ቀሩ፤ ጋራዡም ተዘጋ፤ አሁን የመፍቻ ሣጥኑን ተሸክሞ በየሰው ግቢ ነው የሚሠራው። አንድ መካኒክ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ተሳሳተ ይባላል። ሁለተኛ ጊዜ ግን ሌላ ስም ይሰጡታል።

“አትፈዝ እንጂ” አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ። “ሰውዬህ በአስር ሰዓት ይመጣል። እኔ ደግሞ እሁድ ግቢውን አስረክባለሁ።”

ሰፈሩ እየፈረሰ ነው። ከአጥሩ ማዶ የነበሩት ቤቶች ጣሪያቸው ተነስቶ፣ ግድግዳቸው ላይ የስዕልና የቁም ሣጥን ቅርጽ ብቻ ቀርቷል። ወይዘሮ አልጋነሽ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ከእህታቸው ልጅ ከለምለም ጋር ሊኖሩ ነው። አልጋቸውና ሣጥናቸው ሄዷል። “አራተኛ ፎቅ ላይ መኪና አይወጣም” ብለው ነው ለመሸጥ የተስማሙት።

ኢብሮ ከመኪናው ወርዶ ካርቡራቶሩን አነሳ። “ይሄ በአየር መነፋት አለበት። ኡራኤል ሙሐሲን ጋ ደርሼ ልምጣ።”

“እኔም እመጣለሁ።”

“እማማ፣ ሃያ ደቂቃ ነው!”

“እኔስ ሃያ ደቂቃ ያቅተኛል?”

ካርቡራቶሩን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ፌስታል ውስጥ ከተው ራሳቸው ያዙት። ሚኒባሱ ውስጥም ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው አቀፉት። ረዳቱ ሂሳብ ሊቀበል ዘወር ሲል አየሩን አሸተተ።

“ማዘር፣ ይሄ የቤንዚን ሽታ ከእርስዎ ነው?”

“ከእኔ ነው። ሂሳብህን ተቀበል።”

“ሞተር ታቅፈው ነው እንዴ የሚሄዱት? ለኛ ይስጡን በናትዎ፣ የኛ ታሟል!”

“የናንተማ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም” አሉ። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ረዳቱ በአገጩ ወደ ኢብሮ አመለከተ። “ልጅዎ ነው?”

“መካኒኬ ነው።”

“ታዲያ እሱ አይይዝልዎትም?”

“መካኒኬ ነው አልኩህ እኮ።”

ታክሲው እንደገና በሳቅ ፈነዳ። ኢብሮ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን እሱም ይስቅ ነበር። አሁን ግን የእኚህን ሴት ቀልድ ሁሉ መመርመር ጀምሯል። እንዲህ ፈጣን መልስ ያላቸው ሰው፣ “ማን ነዳው?” ሲባሉ ለምን ተቆጡ?

ሙሐሲን ኡራኤል አካባቢ ከአንድ ሕንፃ ጀርባ፣ በኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ፣ ኢብሮን ሥራ ያስተማረ ሸበቶ መካኒክ ነው። ካርቡራቶሩን ሲፈታታው ወይዘሮ አልጋነሽ አጠገቡ ቆመው እያንዳንዷን ብሎን በዓይናቸው ቆጠሩ። የአየር መንፊያው ማሽን መጮህ ሲጀምር ግን ጆሯቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። ኢብሮ የሚጠብቀው ይህንን ነበር። በጩኸቱ ውስጥ ወደ ሙሐሲን ጆሮ ተጠግቶ ስለ ፍሪሲዮኑና ስለ ፔዳሉ ጎማ ነገረው።

“አልተጣበቀም?” አለ ሙሐሲን።

“እንደ አዲስ ነው የሚሠራው።”

“ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ተነድቷላ! የቆጣሪውን ሽቦ ፈትተው ሲነዱት ኖረው፣ ሊሸጡት ሲሉ መልሰው አሰሩት። በቃ። አሮጊቷ ሸውዳሃለች።”

“በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርስ?”

“እኔም ቀለም ካለኝ በር ላይ እጽፋለሁ።”

ሙሐሲን መሳቢያውን ከፍቶ ሲያተራምስ ቆየና አንድ አዲስ የፔዳል ጎማ አወጣ። “የፊያት ነው። ግጠምና ዝም በል። ሰውዬው ያለቀውን ካላየ አይጠይቅም።”

“ቢያውቅስ?”

“ማን ይነግረዋል? አንተ?”

ማሽኑ ጸጥ አለ። ኢብሮ ጎማውን ኪሱ ከተተ፤ ግን ዘግይቷል። ወይዘሮ አልጋነሽ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

“ምን ሰጠህ?”

“ጎማ ነው እማማ። የፔዳል።”

“የትኛው ፔዳል?”

“የፍሪሲዮኑ።”

ኢብሮ ጠርሙሷን እንዲያወጡ ጠበቀ። አላወጡም። “እሱ ጎማ አለው አይደል እንዴ?” ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እስከ ካዛንቺስ ድረስም አንድ ቃል አልተናገሩም። የመመለሻው ታክሲ ረዳት ሲቀልድባቸውም አልመለሱለትም።

ግቢው ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ኢብሮ ካርቡራቶሩን ከማሰሩ በፊት ከመሪው ሥር በጀርባው ተኝቶ የቆጣሪውን ሽቦ ፈለገ። አገኘው። በደንብ ታስሯል። ማሰሪያው ላይ የመፍቻ ጭረት የለም፤ አቧራው ከዘይት ጋር ተጣብቆ እንደ ቅርፊት ደርቋል። ይህ ሊያረጋጋው ይገባ ነበር። እሱ ግን፣ “ከብዙ ዓመት በፊት ተፈትቶ ታስሮ ቢሆንስ? ቅርፊቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ቢሆንስ?” እያለ ተነሳ። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ፣ መልስ የተባለውን ሁሉ ወደ ጥያቄ ይለውጠዋል።

ባትሪ ተውሶ አምጥቷል። የመኪናው የነዳጅ ማጠራቀሚያ ውስጡ ዝጎ ስለነበር፣ በትንሽ ጄሪካን ቤንዚን አድርጎ ቱቦውን በቀጥታ ከፖምፓው ጋር አገናኘ። አንዱን የበር ክንፍ ለጭሱ በሰፊው ከፈተ፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ሌላኛው ክንፍ እንደተዘጋ ነው። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመና ተወ። ሁለተኛ ሞከረ። ተወ። ሦስተኛው ላይ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ነጭ ጭስ ለቀቀ፣ ከዚያ ተነሳ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ከበርጩማቸው ተነስተው ቆሙ።

“ድምፁ ልክ ነው?” ብለው ጮኹ።

“ልክ ነው!”

“ድሮ እንዲህ አይንቀጠቀጥም ነበር!”

“ይስተካከላል እማማ! ሃምሳ ዓመት ተኝቶ ሲነሳ እርስዎስ አይንቀጠቀጡም?”

ሳቁ። ኢብሮም ለአፍታ ጥርጣሬውን ረስቶ ሳቀ። ከዚያ መብራቶቹን ለመሞከር ማብሪያውን ሳበ። የቀኙ አልበራም። የግራው በራ፤ ብርሃኑም በቀጥታ የተዘጋው የበር ክንፍ ላይ፣ ቁጥሩ ላይ አረፈ።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

የቁጥሩ ቀለም አርጅቶ የጡብ አፈር መስሏል። ዜሮው፣ ዘጠኙ፣ የመጀመሪያው አራት፣ ስድስቱ፣ ሁሉም ደብዛዛ ናቸው። ሁለተኛው አራት ግን ግማሹ ደብዛዛ፣ ግማሹ የሚያብለጨልጭ ነው። ቋሚው መስመር እንደ ሌሎቹ ነው፤ በግራ በኩል ያለችው ክንድና አግዳሚዋ ግን እንደ ብርጭቆ ያበራሉ።

ኢብሮ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። በአውራ ጣቱ ጥፍር አግዳሚዋን ፋቅ አደረጋት። ቀጭን ቀይ ቅርፊት ተነስቶ ጥፍሩ ሥር ገባ። ከሥሯ ባዶ እንጨት አለ። አራቱ አራት አልነበረም። አንድ ነበር።

ዘወር ሲል ወይዘሮ አልጋነሽ ጠርሙሷን በመዳፋቸው ውስጥ ደብቀው ቆመዋል።

“ይህን ማን ነካው?” አለ።

ጠርሙሷን ይበልጥ ጨበጧት።

“እማማ፣ ፎቶውን ልኬለታለሁ! በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ጽፌለታለሁ! ሰውዬው እየመጣ ነው። ይንገሩኝ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነው የተነዳው? ሃምሳ ሺህ? መቶ ሺህ?”

“ሠላሳ” አሉ።

“ሠላሳ ሺህ?”

“ሠላሳ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር።”

ኢብሮ ሳቀ፤ የንዴት ሳቅ ነበር። “ለሠላሳ ኪሎ ሜትር ብለው ነው በር የደለዙት?”

ወይዘሮ አልጋነሽ ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጠርሙሷን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ እሷኑ እያዩ ነው የተናገሩት።

“ሦስት ወር ብሎ ነው የሄደው። ስድስት ወር ሆነ። ደብዳቤ የለም። ያኔ በመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ወንድሜ አጽብሃ ነፍሱን ይማረውና መንዳት አስተምሮኝ ነበር፤ ቸሩ ይህን አያውቅም። ቢያውቅማ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ጎማውንም ይዞ ይሄድ ነበር። አንድ እሁድ አጽብሃ ከጎኔ ተቀምጦ፣ እኔ ነድቼ ቃሊቲ ሄድን። የአሰብ መኪናዎች የሚያርፉት እዚያ ነበር። ሾፌሮቹን ጠየቅኩ። አንዱ፣ ‘ቸሩ? የትኛው? የሰሎሜ አባት?’ አለኝ።”

የጠርሙሷን ክዳን አጥብቀው ዘጉ።

“ሰሎሜ ማን ናት?” አለ ኢብሮ።

“እኔ ልጅ የለኝም” አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

ከአጥሩ ማዶ የሚያፈርሰው ማሽን የሆነ ግድግዳ ጣለ። አቧራው ሲረጋ ቀጠሉ።

“ነድቼ ተመለስኩ። አጽብሃ ‘ልያዝልሽ’ ቢለኝ አልሰጠሁትም። ማታውን መኪናውን ድንጋይ ላይ ሰቀልነው። ከዚያ ቁጥሩን አየሁት። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚለየው። የጥፍር ቀለም ነበረኝ።”

“ግን እሳቸው ሌላ ትዳር ይዘው ለምን ፈሯቸው?”

“ማን ፈራው?” ቀና አሉ። “ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው። የምጠይቀው ጥያቄ ነበረኝ። እሱ መልሶ እኔን እንዲጠይቀኝ አልፈለግኩም። የምጠይቀው እኔ ብቻ እንድሆን ነው።”

“መጡ?”

“በሰማንያ ሦስት ሞተ ተባለ። እዚያው።”

ኢብሮ ይህን አመነ፤ ግማሹን። ሌላው ግማሽ አሁንም ፔዳሉ ላይ ነበር። “ፍሪሲዮኑስ? ጎማው አልቋል እማማ። በሠላሳ ኪሎ ሜትር አያልቅም።”

ወይዘሮ አልጋነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሩ። ስለ ቃሊቲ ሲናገሩ ያላፈሩት ሴት አሁን ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

“‘በየቅዳሜው ፍሪሲዮኑን ሃምሳ ጊዜ ርገጪ፣ አለዚያ ይጣበቃል’ ብሎኝ ሄደ። ስመጣ አበላሸሽው እንዳልልሽ አለኝ። ረገጥኩ።”

“ስንት ዓመት?”

“እስካለፈው ቅዳሜ።”

“ሞተዋል ከተባለ በኋላም?”

“ምን ታደርገዋለህ? ቅዳሜ ሲሆን እግሬ ራሱ ይመጣል። መጀመሪያ ለእሱ ነበር። በኋላ እልህ ሆነ። እሱ ያለውን አልፈጸመም፤ እኔ ያልኩትን እፈጽማለሁ አልኩ። አሁን ደግሞ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀው። የሰፈሩ ሰው ምን ይል ነበር ቢያይ? በሩን ዘግቼ ነው የምረግጠው።”

ኢብሮ ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ከፈተ። ተንበርክኮ ሦስቱንም ፔዳሎች በስልኩ መብራት አየ። የፍሬኑ ጎማ መስመሮቹ ሁሉ አሉ። የቤንዚኑ፣ በጣቱ ሲዳስሰው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። መኪና የነዳ ሰው ቤንዚን ሳይረግጥ አልነዳም። ጠዋት ይህን ማየት ነበረበት። አላየም፤ ዓይኑ ያለቀው ላይ ተተክሎ ስለነበር ከጎኑ ያለውን ሳያይ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲፈታ ኖሮ፣ አንድ ሕፃን የሚያየውን አላየም።

አፍሮ ተነሳ። ይቅርታ ሊጠይቅ አሰበ።

የደጁ ብረት በር ተንኳኳ። ፍሬአብ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ደርሷል።

ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ነጭ ጫማ ያደረገ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። መኪናውን ሲያይ መጀመሪያ ሰላምታ እንኳ ረሳ። “ኧረ በስመአብ! ኢብሮ! ይቺማ ሙሽራ ናት!” ብሎ ዙሪያዋን ዞረ። ከዚያ አስታውሶ ለወይዘሮ አልጋነሽ ጎንበስ አለ። “ማዘር፣ እንደምን ዋሉ? ይቅርታ፣ ማለቴ… ልቤ ሄዶ ነው።”

“ይሂድ፣ ይመለሳል” አሉ።

ኢብሮ ሞተሩን አስነስቶ አሰማው። ፍሬአብ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ሰማ። ከዚያ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ቆጣሪውን ቀረጸ። “አሁን ደግሞ በሩን። አንድ ቪዲዮ ላይ፣ ከቆጣሪው ወደ በሩ፣ ሳላቋርጥ። ደንበኛ እንደዚህ ዓይነት ታሪክ ይወዳል።” ስልኩን ወደ ተዘጋው የበር ክንፍ አዞረ።

ከኢብሮ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም ማለት። ቆጣሪው እውነት ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ማንንም አይጎዳም። በሩ እሁድ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። የሜክሲኮው ግቢና አራቱ መኪናዎች ከዚህ ዝምታ ማዶ ናቸው። ደግሞም የሴትዮዋ ምስጢር ነው፤ የእሱ አይደለም።

መምህሩ ያን ቀን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የተናገረው ትዝ አለው።

“ቆይ” አለ። ሞተሩን አጠፋ። “የላኩልህ ፎቶ ልክ አይደለም።”

ፍሬአብ ስልኩን ዝቅ አደረገ። “ምን ማለት ነው ልክ አይደለም?”

“ቆጣሪው ልክ ነው። በሩ ነው ልክ ያልሆነው። ሳላጣራ ነው የላኩልህ። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“ኢብሮ፣ አትጫወትብኝ። ስለ ኮሮላው ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ነው የመጣሁት።”

“አውቃለሁ።”

ከዚህ በላይ መናገር የእሱ ድርሻ አልነበረም። ሣጥኑ አጠገብ የነበረውን ጨርቅ አነሳ። ቲነር አፈሰሰበት። በሩን ግን አልነካም። ጨርቁን ይዞ ወደ ወይዘሮ አልጋነሽ ሄደና ዘረጋላቸው።

ጨርቁን አዩት፤ ኢብሮን አዩት። ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ። ጠርሙሷን በርጩማው ላይ ትተው ጨርቁን ተቀበሉት፣ ወደ በሩ ሄዱ፣ ሁለተኛው አራት ላይ አሳርፈው ጠረጉ። አንድ ጊዜ ብቻ በቂ ነበር። የሚያብለጨልጨው ቀይ በጨርቁ ላይ ወጣ። የአቶ ቸሩ አሮጌ ቀለም ግን አልተነካም። በሩ ላይ 09416 ቀረ።

ፍሬአብ በሩንና ቆጣሪውን እያፈራረቀ አየ። “ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይለያያል።”

“አዎ” አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ። “ሠላሳው የኔ ነው። ቃሊቲ ደርሶ መልስ። እኔ ነኝ የነዳሁት።”

“እርስዎ? ያኔ?”

“ምነው፣ ቀሚስ ለብሼ ቤንዚን የማልረግጥ መሰለህ?”

ፍሬአብ ሊስቅ ብሎ ተወው፤ ወደ ኢብሮ ዞረ። “ገባኝ… ማለቴ አልገባኝም። አንድ ጊዜ የተደለዘ ነገር ሌላ ጊዜ አለመደለዙን በምን አውቃለሁ?”

ኢብሮ አልተከራከረም። ወስዶ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ አንበረከከው። ነጭ ጫማው አቧራው ላይ ተጣጠፈ። የቤንዚኑን ጎማ፣ የፍሬኑን ጎማ፣ የቆጣሪውን ሽቦ አንድ በአንድ አሳየው። “ካላመንከኝ ሌላ መካኒክ አምጣ፤ ነገ ጠዋት እዚሁ ነኝ። የማውቀውን ሁሉ ነግሬሃለሁ። ሌላ የለኝም።”

ፍሬአብ የቤንዚኑን ጎማ ራሱ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ፣ በሩንም እንደገና አየው፤ በመጨረሻ ስልኩን አንስቶ ፎቶ አነሳው፣ 09416ን፣ እንዳለ።

“ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መጫኛ መኪና ይዤ እመጣለሁ። በሩንም ትነቅልልኛለህ፤ እወስደዋለሁ” አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ አመለከተ። “ይቺ የፍሪሲዮን ጎማ ግን ዛሬ ትቀየር። ሌላው ሁሉ አዲስ ሆኖ እሷ ብቻ እንዲህ ተበልታ ሙሽራ ቢያያት ምን ይላል? አዲስ አታጣም አይደል?”

ኢብሮ እጁን ኪሱ ከተተ። የሙሐሲን ጎማ እዚያው ነበር፤ ጠርዙ ስለታም፣ መስመሮቹ ጥርት ያሉ። በጣቶቹ መሃል አዞረው። ወይዘሮ አልጋነሽ በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠዋል። ጠርሙሷን አላነሷትም። ወደ እሱም አላዩም፤ ቀለም የነካውን ጨርቅ በአራት እያጠፉ ነበር።

ባዶ እጁን ከኪሱ አወጣ።

“እሷ አትቀየርም” አለ።

“ለምን?”

“ኦርጅናል ናት።”